መልካም ስም ከማን ዘንድ ይገኛል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጠቢቡ ሰሎሞን መልካም ስም ከብዙ ባለጠግነት እንደሚበልጥ አስተምሮናል (ምሳ. 22፥1)። አባቶቻችንም ልጆቻቸውን ሲመርቁ ከሀብቱ አስቀድመው ስሙን ያነሡ ነበር። ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መልካም ስም ከሀብት የሚበልጥ ከሆነ፥ በሀብት ሊገዛ ይችላልን? የሚገዛስ ከሆነ፥ ሻጩ ማን ነው?

ጌታችን በተራራው ላይ ባስተማረው ትምህርት ስለዚህ ነገር ሁለት ትእዛዝ እናገኛለን። በአንደኛው፥ ሰዎች መልካሙን ሥራችንን አይተው የሰማዩን አባታችንን እንዲያከብሩ ብርሃናችን በፊታቸው ይበራ ዘንድ አዘዘን (ማቴ. 5፥16)። በሁለተኛው ደግሞ፥ ለመታየት ብለን በሰው ፊት ጽድቅን እንዳናደርግ፥ ስንመጸውትም መለከት እንዳናስነፋ ከለከለን (ማቴ. 6፥1-4)። ላይ ላዩን ለሚያነብ ሰው ሁለቱ ትእዛዛት የሚጣሉ ይመስላሉ። ነገር ግን አይጣሉም። በመጀመሪያው የሚከበረው እግዚአብሔር ነው፤ በሁለተኛው የሚከበረው ሰውየው ነው። መብራት የሚበራው በቤቱ ያለው ሁሉ እንዲታይ ነው እንጂ፥ እንግዳው መብራቱን ብቻ እያደነቀ እንዲቀመጥ አይደለም።

ይህን ትምህርት ዛሬ በአንድ የታወቀ ምሳሌ እንመርምረው። በአሜሪካ አገር ሕዝብ «ሞርሞን» እያለ የሚጠራው የእምነት ማኅበር፥ በሕዝብ ፊት ስሙን ለማሳመር ብዙ የማስታወቂያ ሥራ ሠርቷል፤ ከዚያም ጋር የመንግሥትና የምርጫ ነገር ተያይዞ ይገኛል። ይህን የምናነሣው በሰው ለመሳለቅ አይደለም። ከልጆቻችንና ከወንድሞቻችን ብዙዎቹ በዚያ አገር ይኖራሉ፤ ከነዚህ ሰዎች ጋር ይጎራበታሉ፤ ዜግነት ያገኙትም በምርጫ ቀን ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚህ በየመንገዱ የሚያዩትን ሥዕልና የሚሰሙትን ቃል መርምረው መያዝ ይገባቸዋል። እዚህ የቀረነውም ከሌላው ታሪክ ራሳችንን የምንመለከትበት መስተዋት እናገኛለን። ዓመተ ምሕረት ብለን ካልጠቀስን በቀር፥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ማኅበሩን በ1830 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር የመሠረተው ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ ወጣት ነው። ማኅበሩ ራሱን የሚጠራው «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ነው። ከሐዋርያት ዘመን በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ከምድር ጠፍቶ ነበር፥ በስሚዝ በኩልም ተመለሰ ብሎ ያስተምራል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስም ጋር መጽሐፈ ሞርሞን የተባለውን ይቀበላል፤ በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 አባቶች የወሰኑትን ጸሎተ ሃይማኖት ግን አይቀበልም። በዚህ ነገር ከእነርሱ የተለየን ነን። የሲኦል ደጆች እንደማይችሏት ጌታ የተናገረላት ቤተ ክርስቲያን አንድ ቀን እንኳ ከምድር አልጠፋችም ብለን እናምናለንና። ልዩነታችንን እንዲህ በግልጥ ካስታወቅን በኋላ ግን ታሪካቸውን በፍትሕ መናገር ይገባናል።

ታሪካቸው በስደት የተሞላ ነው። በ1838 የሚዙሪ ክፍለ ሀገር ገዥ ሞርሞኖች ከአገሩ እንዲባረሩ ወይም እንዲጠፉ ትእዛዝ ጻፈባቸው። በ1844 ስሚዝ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ተነሥቶ ሳለ፥ በዚያው ዓመት በኢሊኖይ በካርቴጅ ከተማ በእስር ቤት እንዳለ ሕዝብ በጉልበት ገብቶ ከወንድሙ ጋር ገደለው። በ1847 የተረፉት በብሪገም ያንግ መሪነት ተራራውንና ምድረ በዳውን አቋርጠው በዛሬዋ ዩታ ሰፈሩ። በ1852 ከአንድ ሚስት በላይ ማግባትን በአደባባይ ስላስተማሩ ከመንግሥት ጋር ለብዙ ዘመን ተጣሉ፤ በ1890 መሪያቸው ይህ ጋብቻ እንዲቀር አስታወቀ፤ ዩታም በ1896 እንደ ሌሎቹ ክፍላተ ሀገር ሆና በአሜሪካ ኅብረት ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ እንኳ ከማኅበሩ ሹማምንት አንዱ የሆነው ሪድ ስሙት ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በተመረጠ ጊዜ፥ ወንበሩ ይገባዋል አይገባውም በማለት በ1904 የተጀመረው ምርመራ እስከ 1907 ቆይቶ ነው ወንበሩ የጸናለት።

እንግዲህ ምእመናን፥ ከዚህ አንድ ነገር እንረዳለን። ለዚህ ማኅበር ስምና የመንግሥት ነገር ከመጀመሪያው አንሥቶ አንድ ላይ የታሰሩ ነበሩ። ስሙ የተጠላ በሆነ ጊዜ ሰው ከቤቱ ይባረር ነበር፤ ወንበርም ይከለከል ነበር። እንደዚህ የተሰደደ ሕዝብ ስለ ስሙ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። የሚመረመረው ግን ጭንቀቱ ወደ ምን እንዳደረሰው ነው።

በ1929 የማኅበሩ መዘምራን ከሶልት ሌክ ከተማ በሬዲዮ በየሳምንቱ መዘመር ጀመሩ፤ ይህም ዝግጅት እስከ ዛሬ ድረስ አለ። እኛም በሬዲዮ የምንናገር ስለ ሆንን ይህን ልንነቅፍ አንችልም። ከ1972 ጀምሮ ደግሞ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስለ ቤተ ሰብ የሚናገሩ አጫጭር መልእክቶችን አሰራጩ። መልእክቶቹ ስለ ሃይማኖት አይከራከሩም፤ አባት ልጁን እንዲሰማ፥ ባልና ሚስት እንዲተሳሰቡ የሚመክሩ ነበሩ። ጣቢያዎቹም ለሕዝብ ይጠቅማል ብለው ጊዜውን ያለ ክፍያ ይሰጧቸው ነበር። በ1995 የማኅበሩ ስም የሚጻፍበት መልክ ተለውጦ፥ ኢየሱስ ክርስቶስ የሚለው ስም ከሌሎቹ ቃላት ይልቅ በትልልቅ ፊደል እንዲታይ ተደረገ።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን በ2010 በጥቂት የአሜሪካ ከተሞች የተጀመረው «እኔ ሞርሞን ነኝ» የተባለው ማስታወቂያ ነው። በ2011 ወደ ኒው ዮርክ ገብቶ ሕዝብ በሚጐርፍበት በታይምስ ስኩዌር አደባባይ፥ በታክሲዎች ላይና በምድር ውስጥ ባቡር ተሰቀለ። በማስታወቂያው የሚታዩት ሽማግሌዎችና ሰባክያን አልነበሩም፤ ልዩ ልዩ ሥራና ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ተራ ሰዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ስለ ሥራው፥ ስለ ልጆቹ፥ ስለሚወደው ነገር ይናገርና በመጨረሻ ሞርሞን መሆኑን ይገልጣል። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ በእምነታቸው የሚቀልድ ቴአትር ተከፍቶ ነበር። ማኅበሩ ግን አልተቈጣም፤ ይልቁንም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለቴአትሩ ተመልካቾች በሚታደለው መጽሔት ላይ ገጽ ገዝቶ መጽሐፉን እንዲያነቡ ጋበዛቸው። ስድብን በቍጣ ካለመመለስ እኛም ልንማር እንችላለን።

አሁን ወደ ፖለቲካው እንመለስ። ስለ ቤተ ሰብ የሚናገሩት እነዚያ ለስላሳ መልእክቶች በሚሰራጩበት ዘመን፥ በ1976 የማኅበሩ መሪዎች የሴቶችንና የወንዶችን የሕግ እኩልነት በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለማስገባት የቀረበውን ማሻሻያ እንደሚቃወሙ አስታወቁ፤ ምእመናኖቻቸውም በየክፍለ ሀገሩ ተሰልፈው ተከራከሩ። ማሻሻያው በ1982 ቀኑ አልፎበት ወደቀ። እንደዚሁም በ2008 በካሊፎርኒያ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ብቻ እንዲሆን ለሕዝብ ውሳኔ በቀረበ ጊዜ፥ የማኅበሩ መሪዎች በየጸሎት ቤቱ የሚነበብ ደብዳቤ ልከው ምእመናን ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን እንዲሰጡ ጠየቁ። ሐሳቡ ከመቶ 52 በሚሆን ድምፅ አለፈ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ሰዎች በማኅበሩ መቅደሶች ፊት ተሰልፈው ተቃውሞ አሰሙ። በ2012 ደግሞ የማኅበሩ አባል የሆነው ሚት ሮምኒ በሪፑብሊካን ፓርቲ ዕጩነት ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በባራክ ኦባማ ተሸነፈ።

ቤተ ክርስቲያናችንም ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል እንደ ሆነ ታስተምራለች፤ ስለዚህ በዚህ ቦታ የምንመረምረው የጋብቻውን ትምህርት ሳይሆን የማስታወቂያውን አካሄድ ነው። ማኅበሩ ለማንኛውም ፓርቲና ለማንኛውም ዕጩ እንደማይወግን፥ ማስታወቂያውም ስለ ምርጫው የተዘጋጀ እንዳልሆነ አስታውቋል። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ስለ ሆነ፥ ይህን ቃላቸውን ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ዝናም የሚዘንበው የማንን እርሻ ለማጠጣት እንደ ሆነ ሳይናገር እርሻውን ሁሉ ያጠጣል። ማስታወቂያም እንደዚሁ ነው፤ አዘጋጁ ቢያስብም ባያስብም የፖለቲካ ፍሬ ያፈራል። ትናንት ሞርሞንን የፈራ ጎረቤት ዛሬ ሥዕሉን አይቶ ቢወደው፥ ነገ ለሞርሞን ዕጩ ድምፅ መስጠት አይከብደውም። ይህ ባልከፋ ነበር፤ ሰውን በሃይማኖቱ ምክንያት ከሹመት መከልከል ግፍ ነውና።

ጉዳቱ ከዚህ ጠልቆ ይገኛል። በማስታወቂያው የሚናገረው «እኔ» ነው፤ በደብዳቤው የሚናገረው ግን «እኛ» ነው። ማስታወቂያው ልዩ ልዩ ፊት ያሳየናል፤ አንዱ ሠዓሊ፥ አንዱ ወታደር፥ አንዲቱ እናት። በምርጫው ሰሞን የሚላከው ደብዳቤ ግን ለሁሉ አንድ ቃል አዝዞ ይመጣል። ሕግ የሚያጸናውና ሕግ የሚሽረው ፈገግ ያለው ሠዓሊ ሳይሆን የማኅበሩ ጉባኤ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ከአንድ ደግ ሰው ጋር የተዋወቀ መስሎት፥ ያላየውን ታላቅ ድርጅት ወደ ቤቱ ያስገባል። ይህ የሞርሞኖች ብቻ ነገር አይደለም። የየትኛውም እምነት፥ የየትኛውም መንግሥትና የየትኛውም ፓርቲ ማስታወቂያ ይህን ያደርጋል። ፊት ያሳያል፤ እጅን ይሸሽጋል።

ሁለተኛው ጉዳት፥ በገንዘብ የተገዛ ስም ጠባቂ የሚያሻው መሆኑ ነው። በ2023 የአክሲዮን ገበያን የሚቈጣጠረው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፥ የማኅበሩን ገንዘብ በሚያስተዳድረው ድርጅት ላይ 4 ሚሊዮን፥ በማኅበሩም ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ወሰነ። ምክንያቱም የማኅበሩ የአክሲዮን ሀብት በ2018 ወደ 32 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ሳለ፥ ለስም ብቻ በቆሙ 13 ኩባንያዎች ተሸፍኖ በመቅረቡ ነው። መሥሪያ ቤቱ እንደ ገለጠው፥ ሀብቱ የተሸሸገው ቢታወቅ በማኅበሩ ላይ መጥፎ ነገር ያመጣል ተብሎ ስለ ተፈራ ነው። ማኅበሩም ለተደረገው ስሕተት ማዘኑን ገልጦ ቅጣቱን ተቀበለ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ፊትን ለሕዝብ ለመግለጥ በአደባባይ ሥዕል የሰቀለ ማኅበር፥ ኪሱን ከሕዝብ ለመሸሸግ ደግሞ መጋረጃ ሰቀለ። ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ፍርሃት ነው፤ ሰው ምን ይለናል ከሚለው ፍርሃት።

ሦስተኛው፥ የተገዛ ስም የማይጸና መሆኑ ነው። በ2018 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ራስል ኔልሰን ሞርሞን የሚለው ቅጽል ስም እንዲቀር አዘዙ፤ በቅጽሉ መጠራትንም ሰይጣን የሚደሰትበት ነገር አድርገው ገለጡት። የታወቁት መዘምራንም ከስማቸው ላይ ሞርሞን የሚለውን ቃል አወጡ። በ2010 በብዙ ገንዘብ በየአደባባዩ የተሰቀለው ስም፥ ከስምንት ዓመት ያህል በኋላ በገዛ እጃቸው ከግድግዳው ወረደ። በገበያ የሚገኝ ነገር ሁሉ ከገበያ ጋር ያልፋል።

ተወዳጆች ሆይ፤ እስካሁን የተናገርነው የነቀፌታ ቃል በዝቶ እንዳይታያችሁ፥ አሁን የምንነግራችሁን በልባችሁ ያዙት።

በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የነበረውን ረኃብ የማያስታውስ ቤት ጥቂት ነው። ያን ጊዜ በወሎና በትግራይ ሕዝባችን በየመንገዱ ሲወድቅ፥ በዚያው ዓመት በጥር ወር የዚህ ማኅበር ምእመናን በአሜሪካና በካናዳ አንድ ቀን ጾመው፥ ያልበሉትን ምግብ ዋጋ ለኢትዮጵያ ረኃብተኞች ሰጡ። የተሰበሰበው ገንዘብ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ይህንንም ገንዘብ በቀይ መስቀልና በካቶሊክ የርዳታ ድርጅት በኩል አሳለፉት። በትምህርት ከሚለዩት ከሌላ እምነት ሰዎች እጅ ላይ አኑረው፥ ለማያውቁት ሕዝብ ላኩ። ያን እህል የቀመሰ ሽማግሌ ወይም ሕፃን፥ የላከው ማን እንደ ሆነ ምናልባት ሳያውቅ አልፎ ይሆናል። የሰማዩ አባት ግን ያውቃል።

በጾም የተራበ ሰው ያልበላውን ለተራበ መስጠቱ፥ አባቶቻችን ስለ ጾም ያስተማሩን ትምህርት አይደለምን? እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩ። በታይምስ ስኩዌር የተሰቀለው ሥዕል ወርዷል። በ1977 ዓ.ም. የተላከው እንጀራ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ እነሆ እኛ በትምህርት ከእነርሱ የተለየን ሰዎች፥ ማንም ሳይከፍለን በዚህ ሰዓት በምስጋና እናነሣዋለን። መልካም ስም ከማን ዘንድ እንደሚገኝ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልገናል? ከእግዚአብሔር ዘንድ ይገኛል፤ የሚገኘውም ሳይፈለግ ነው።

አሁን ፊታችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። እኛ ለብዙ ዘመን ማስታወቂያ መግዛት አላስፈለገንም፤ ዙፋኑ ማስታወቂያችን ነበርና። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የቤተ ክርስቲያናችን ስም ከመንግሥት ስም ጋር አብሮ ይጠራ ነበር። ዙፋኑ በወደቀ ጊዜ ያ ክብር አብሮ ወደቀ፤ ንብረቷ ተወሰደ፤ ፓትርያርኳ አቡነ ቴዎፍሎስ ታስረው ተገደሉ። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያንን ያቆማት ምን ነበር? በመቃብር ዳር ያለቀሰችው መበለት፥ በሌሊት ኪዳን ያደረሰው ድኻ ካህን፥ ልጁን በሥውር ክርስትና ያስነሣው ሰው ናቸው። ማንም ፎቶግራፍ አላነሣቸውም።

ዛሬስ? ለድኻ አንድ ኩንታል ጤፍ ስንሰጥ፥ ከኩንታሉ አስቀድሞ ካሜራው አይደርስምን? የድኻው ፊት በእፍረት ዝቅ ብሎ ሳለ የእኛ ፊት ደምቆ እንዲታይ አናደርግምን? በውጭ አገር ባሉት አድባራትስ፥ በምርጫ ሰሞን የመጣው ዕጩ ተወዳዳሪ ነጠላ ለብሶ በመካከላችን ፎቶግራፍ ሲነሣ፥ የማን ብርሃን ለማን እንደ በራ ጠይቀናልን? መጥምቁ ዮሐንስ የግመል ጠጕር ለብሶ በምድረ በዳ ኖረ፤ ለራሱ ስም አልፈለገም፤ ክርስቶስ ከፍ እንዲል እርሱ ዝቅ ማለት እንደሚገባው ተናገረ። ስለዚህም ሄሮድስን በፊቱ ለመገሠጽ አልፈራም። ከሰው ምስጋና የማይፈልግ ሰው ብቻ ለንጉሥ እውነቱን ሊነግር ይችላል። ከንጉሥ ወይም ከሕዝብ ስም የተበደረ ግን አፉ በብድሩ ይታሰራል።

እንግዲህ ሦስት ምክር ይዘን እንሰነባበት።

በመጀመሪያ፥ በባዕድ አገር ያላችሁ ምእመናን፥ ሞርሞን የሆነውን ጎረቤታችሁን በአክብሮት ሰላም በሉት፤ አትስደቡት፤ የወገናችሁን ረኃብ የጾመ ሰው ልጅ ይሆናልና። ሁለት ሁለት ሆነው ደጃችሁን የሚያንኳኩትንም ወጣቶች በትሕትና መልሱ። ነገር ግን ሃይማኖታችሁን ሳታውቁ ወደ ክርክር አትግቡ፤ ጸሎተ ሃይማኖትን ለልጆቻችሁ ቃል በቃል አስተምሩ።

በሁለተኛ፥ ያማረ ማስታወቂያ ባያችሁ ጊዜ፥ የማንም ይሁን የማን፥ ይህን ጠይቁ። የከፈለው ማን ነው? ከፈገግታው በስተኋላ የሚጠይቀኝ ምንድን ነው? ያላሳየኝስ ምንድን ነው? ድምፃችሁ ከእግዚአብሔር የተሰጣችሁ አደራ ስለ ሆነ፥ ለፊት ሳይሆን ለሥራ ስጡት።

በሦስተኛ፥ በዚህ ሳምንት አንድ መልካም ሥራ ማንም በማያውቅበት አድርጉ። ለሚስታችሁ ወይም ለባላችሁ፥ ለነፍስ አባታችሁ እንኳ ሳትናገሩ አድርጉት። ያን ጊዜ ልባችሁ ቢቃጠልና ለሰው ለመናገር ቢቸኩል፥ የማስታወቂያው ገበያ በየትኛው አደባባይ እንደሚቆም ታውቃላችሁ፤ በእያንዳንዳችን ልብ ውስጥ ነውና።

በስውር የሚያይ አምላካችን፥ በስውር የምናደርገውን ይቀበልልን፤ በግልጥ የምናደርገውንም ለስሙ ክብር ያድርግልን። የተራቡትን ያጥግብ፤ ለተራቡት የጾሙትንም ሁሉ ዋጋቸውን ይክፈላቸው፤ ሁላችንንም ወደ እውነት ዕውቀት ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።